ድግሱ ላይ ያቋረጥኩት ታሪክ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ዴልፊን፤

ከሰላምታ በፊት አንድ ነገር እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ። እሱን ወደ ኋላ ካደረግሁት ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ላታነቢው ትችያለሽ። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ለአጎታችን ለሄበር የመቃብር ድንጋይ ባቆምንበትና እኔ የአለቅነት ስማቸውን በተረከብኩበት ድግስ ላይ፣ ልጅሽ ሎርን የቤታችንን ታሪክ ሲናገር አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። በእንግዶች ፊት አስቁሜ ያስቀመጥኩት ትክክል የተናገረውን ሰው ነው። ይህን የምልሽ ልብሽን ለማለስለስ አይደለም። አጣርቻለሁ፤ ከሁለት ምስክሮች አፍ ሰምቻለሁ፤ ከሁሉም በላይ የራሴ ትዝታ መሰከረብኝ።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይኝ። ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? በገናው ካርድሽ ላይ ደረጃ መውጣት ከብዶኛል ብለሽ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ተሻለሽ ወይስ ባሰብሽ? ባለቤትሽ ሞሪስስ ዓይኑን ከታከመ በኋላ ጋዜጣውን ማንበብ ቻለ? ሎርን፣ ቲና፣ የልጅ ልጆችሽ ሁሉም በጤና ናቸው? በዊኒፔግ ብርዱ ቶሎ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ የቤታችሁ ማሞቂያ ዘንድሮ ተጠግኗል? እኛ ጋ ዝናቡ እንደ ልማዱ ነው፤ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አላባራም።

እኔና ቬርና ደህና ነን። ልደብቅሽ አልፈልግም፤ ጁን ላይ ፕሪንስ ሩፐርት ያለው ሐኪም ከልቤ በሮች አንዱ በደንብ እንደማይዘጋ ነገረኝ። ስንት ዓመት ይቀረኛል ብዬ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ እኔ ሐኪም ነኝ እንጂ የአየር ጠባይ ተንባይ አይደለሁም» ብሎ ሳቀብኝ። ልጁ ተማሪዬ ነበር፤ ያኔም ጥያቄ ሲከብደው ቀልድ ይቀናው ነበር። ሆኖም የሰጠኝን መድኃኒት በሰዓቱ እየዋጥኩ ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ ስሙ ማሰብ ጀመርኩ። ስሙን እዚህ ወረቀት ላይ አልጽፈውም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። እኔ ስሞት ማን እንደሚለብሰው በሕይወት ሳለሁ መነገር አለበት። ስሙ ሰው ካጣ ወንዛችንም፣ የባሕር አረም የምንለቅምበት ደሴትም፣ በአዳራሹ ውስጥ ያለን ወንበርም ሰው ያጣሉ። ልጄ ኬልቪን ጎበዝ ሰው ነው፤ ግን የእናቱ ቤት ልጅ ነው፤ ድግስ ላይ የሚቀመጠው ከባለቤቴ ከቬርና ወገን፣ ከቁራ ጎሣ ሰዎች ጋር ነው። የእኔ ወራሽ ከአንቺ ማኅፀን እንጂ ከእኔ አብራክ አይወጣም። የእናታችን እህት ልጅ ኦስካር የቤታችን ሰው ነው፤ ነገር ግን ከእኔ የሚያንሰው በሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ ነገሩን ባነሳሁበት ቁጥር «ካባውን በሬሳ ሣጥኔ ላይ ልትደርቡልኝ ነው?» እያለ ያፌዝብኛል። የሚቀረው ሎርን ነው፤ ከእሱ በኋላ የእህቱ የቲና ልጅ።

ሎርንን ከመጥራቴ በፊት ግን፣ እንደ ልማዴ፣ ነገሩን ከሥሩ ላዘጋጅ ብዬ ደብተሩን አወጣሁ። አጎታችን የቤታችንን ታሪክ ሲነግሩኝ የጻፍኩበትን፣ አርባ አንድ ገጽ ያለውን ደብተር። የሚያውቅ ሰው እንዲሰማኝ ፈልጌ ኦገስት ስድስት ቀን ወደ አክስት ማርጆሪ ሄድኩ። የአባታችን እህት ዘጠና አንድ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ጆሯቸው ግን ከእኔ ይሻላል። ወለሉ ላይ ጋዜጣ ዘርግተው ከደረቀ የባሕር አረም ውስጥ ጥቃቅን ዛጎል እየለቀሙ ነበር። «አንብብ፤ እጄ እንጂ ጆሮዬ ሥራ አልያዘም» አሉኝ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩላቸው።

ሃያ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ቀና አሉና፣ «አንተ፣ ገጽ ዘለልክ እንዴ?» አሉኝ።

የለም አክስቴ፣ ገጾቹ ቁጥር አላቸው አልኳቸው። «ቁጥሩስ ደህና ነው» አሉ፤ «ሴትየዋ የታለች?» የቷ ሴትዮ ብዬ ጠየቅኋቸው። የያዙትን አረም አስቀመጡና እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። «ስማኝ፤ እኔ ተኩላ ነኝ። የእናንተን የንስሮቹን ታሪክ እንድናገር አፌ አልተፈቀደለትም። ምስክር ግን ነኝ። ሄበር ስሙን ሲረከብ እዚያው ነበርኩ፤ የመንግሥት ሕግ ድግሳችንን በከለከለበት ዘመን፣ ለፖሊሱ የገና ግብዣ ነው ተብሎ። አያትህ ቆማ ስትናገር ሰምቻለሁ። እንዳስታውስ ተብሎ አንድ ብርድ ልብስና ሳህን ሙሉ ስኳር ተሰጥቶኛል። ስኳሩን በላሁት፤ ብርድ ልብሱ ያውልህ አልጋዬ ላይ። እንግዲህ አንተ ጠይቀኝ፤ አዎ ወይም አይደለም እልሃለሁ።»

እትዬ፣ ሕይወቴን ሙሉ ጠያቂ ነበርኩ፤ እንደዚያን ቀን ጥያቄ የከበደኝ ጊዜ የለም። ድግሱ ላይ ሎርን ጀምሮት ከነበረው፣ ካቋረጥኩበት ቦታ ተነስቼ ጠየቅሁ። በረሃቡ ዓመት፣ የዘይት ዓሣው ወደ ወንዙ ሳይገባ፣ የስሙ ባለቤት የምግብ ሣጥኖቹን ዘግቶ ነበር? «አዎ።» ለድግሱ ብሎ፣ ስሙን ትልቅ ሊያደርግ? «አዎ።» ልጆቹ ተርበው ሳለ? «አዎ።» እህቱ በሰው ሁሉ ፊት የራስ ጌጡን አወለቀችበት? አክስት ማርጆሪ አረማቸውን መልሰው አነሱና፣ «ይኸው፣ ታውቀው የለም እንዴ!» አሉኝ።

አውቀው ነበር። አጎታችን ይቅር ይበሉኝና ከዚህ በላይ አልጽፈውም፤ የቀረውን አንቺም እኔም እናውቃለን። እዚያው ወለሉ ላይ እንደ ተቀመጥኩ የአጎታችን ጀልባ ታወሰኝ። አፕሪል 1960 ነበር፤ የመምህርነት ሥልጠናዬን ጨርሼ የተመለስኩበት ጊዜ። ወንዙ አፍ ላይ በየዕለቱ የባሕሩ ሙላት እስኪመጣ እየጠበቅን አራት ቀን ሙሉ ነገሩኝ፤ እኔም ጻፍኩ። ረሃቡ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ደብተሩ ላይ አደረጉና፣ «እርሳሱን አስቀምጥ። ይሄ በጆሮ ነው የሚያዘው። ስሙ ወደ አዲስ ሰው በሚሄድበት ቀን ብቻ ይነገራል፤ ሰውየው ማን ሊያወልቅበት እንደሚችል እያወቀ እንዲለብሰው» አሉኝ። እርሳሱን አስቀመጥኩ፤ ሰማኋቸው፤ መስማቴን እምላለሁ። ከዚያ «አሁን አንሳው» ሲሉኝ የሚቀጥለውን ነገር ወዲያው ከሥሩ ጻፍኩ። አንድ መስመር እንኳ ባዶ አልተውኩም። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት በየዓመቱ ደብተሩን አነብ ነበር። የተጻፈው ጸናልኝ፤ ያልተጻፈው ጠፋብኝ። ለተማሪዎቼ «ያልተጻፈ ይረሳል» እላቸው ነበር፤ ስለ ራሴ እንደማወራ አላወቅሁም።

እማዬ ግን ከአያታችን አፍ ሰምታው ኖሮ፣ ዓሣ ስትሰነጥቅ አጠገቧ ለሚቀመጠው ለሎርን ነገረችው። የሄበር ወራሽ እኔ፣ የእኔ ወራሽ እሱ እንደሚሆን ስለምታውቅ ነው። እኔን ያልነገረችኝ ከወንድሟ ሰምቷል ብላ ነው። ማንም አላጠፋም፤ ከእኔ በቀር።

ያን ቀን የሆነውን አንቺ አትረሺውም። ይሁን እንጂ ያደረግሁትን በራሴ እጅ መጻፍ አለብኝ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ተኩላዎቹ በባሕሩ በኩል፣ ቁራዎቹ በበሩ በኩል፣ እንግዶቹ አለቆች እንደየማዕረጋቸው ተቀምጠው። ስሙ ተጠርቶልኝ ካባውን ለብሻለሁ። ሎርን የሃያ አራት ዓመት ሰው ነበር፤ የተናጋሪውን በትር ይዞ ቆመ። አባቶቻችን ወንዙን ይዘው በታንኳ እንዴት እንደ ወረዱ፣ ንስሩ እንዴት ምልክታችን እንደሆነ፣ እንደ እማዬ በዝግታ፣ ሳይቸኩል ተናገረ። ረሃቡ ጋ ደርሶ «ያን ጊዜ ይህን ስም የለበሰው ሰው ሣጥኖቹን ዘጋ» ሲል ተነሳሁ። «ቁም» አልኩት፤ «እሱ የለበትም። ከታንኳዎቹ ጀምረህ እንደገና።» በክፍል ውስጥ በምናገርበት ድምፅ ነበር። ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። ሎርን አንቺን አየና፣ «አጎቴ፣ አያቴ እንዲህ ነው ያስተማረችኝ» አለኝ። እኔም «አያትህ ደብተር አልነበራትም» አልኩት።

ይህን ስለ እናቴ ተናገርኩ፤ ከሞተች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር።

ተነስተሽ ከልጅሽ ትከሻ ላይ ባለ አዝራሩን ካባ አወለቅሽ፤ አጣጥፈሽ ወንበሬ ላይ አስቀመጥሽና በእንግዶቹ መካከል አልፋችሁ ወጣችሁ። በማግስቱ ጀልባው ላይ ልትሳፈሪ ስትይ፣ «ዊልፍሬድ፣ እስክታጥበው እጠብቃለሁ» አልሽኝ። እኔ ደግሞ ልጅሽን አስተምሪው ብዬ መለስኩልሽ።

እንደምናጥብ ጠፍቶኝ አይደለም። በሰው ፊት የወደቀን ሰው፣ የተገለበጠን ታንኳ፣ የተዋረደን ስም ምን እንደምናደርግ ከልጅነታችን አይተናል፤ ሰው ጠርተን፣ አብልተን፣ ሰጥተን እናጥበዋለን፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያነሳውም። አጎታችን በቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ተንሸራትተው የወደቁ ጊዜ፣ የሱሪያቸው ጭቃ ሳይደርቅ ላዩት ሁሉ ብርቱካንና ብርድ ልብስ ሲያድሉ አብረን ተሸክመናል። እኔ ግን የአስተማሪ እርማት ውርደት አይደለም ብዬ አሰብኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጆችን በጓደኞቻቸው ፊት አርሜ ማንም ብርድ ልብስ አልጠየቀኝም። አዳራሹን ከክፍሌ መለየት አቃተኝ፤ ጥፋቴ ይኸው ነው።

አንድ ምስክር አይበቃም ብዬ በሳምንቱ ወደ ሩፐርት ተሻግሬ ጋሽ ክሊፎርድን አየሁት። በዚያ ድግስ ላይ ቃል አቀባዬ እሱ ነበር፤ አሁን የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። ቅርጫት ኳስ እያየ ነበር፤ ስገባ ቴሌቪዥኑን እንኳ አልዘጋም። «መጣህ?» አለኝ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ በር ልትገባ ነው እያልኩ ስጠብቅህ ሁለት ጊዜ ወንበሬን ቀየሩልኝ። ያን ቀን በጆሮህ ምን አልኩህ? ብርድ ልብሶቹ እዚህ አሉ፣ አሁኑኑ አውጥተህ እጠበው አላልኩህም? አንተስ ምን አልከኝ? ስህተት በስጦታ አይታረምም!» የእኔን ድምፅ አስመስሎ ሲናገር ከጎኑ የተቀመጡት ሽማግሌ ሳቁ። ለምን በኋላ አልነገርከኝም አልኩት። «የነገርኩህን ያልሰማህን ሰው ስንት ጊዜ ልንገርህ? ደግሞ የእህትህ ፋንታ ነው እንጂ የእኔ ነው እንዴ?» አለኝና ወደ ጨዋታው ተመለሰ።

አክስት ማርጆሪም ያን ዕለት ከቤታቸው ስወጣ የነገሩኝ አለ። «ልጁን ስታስቆመው እኛ እንግዶቹ ምን እንዳልን ታውቃለህ? ምንም። የሰው ቤት ነው። ግን አዲሱ አለቃ ስሙን የሚይዘውን ልጓም መስማት አልፈለገም ብለን ወደየቤታችን ሄድን።» ይህን ስሰማ ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። በነዚህ ዓመታት በተጠራሁበት ድግስ ሁሉ ወንበሬን ሰጥተውኛል፤ ሾርባውም በማዕረጌ ቀርቦልኛል። ተነስተህ የሰማኸውን መስክር ያለኝ ሰው ግን የለም። የማልወደደው ጥብቅ ስለሆንኩ ነው ብዬ ራሴን አጽናና ነበር።

ለቬርና ነገሩን ስነግራት ዓሣ እየጠበሰች ነበር። ዞራ እንኳ ሳታየኝ፣ «እኔ ቁራ ነኝ፣ አያገባኝም ብዬ ዝም አልኩ እንጂ ዴልፊን ስትወጣ ፊቷን አይቻለሁ። ያጠፋ ሰው እናት ፊት አልነበረም» አለች። ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ «ለአንተ? በየትኛው ክፍለ ጊዜ?» አለችኝ።

ስለ ወንዙም ልንገርሽ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል። አጎታችን በነበሩ ጊዜ በዓሣው ወቅት ስንት ሰው እንደምንሰፍር ታስታውሻለሽ፤ ልጆች የሚተኙበት አጥተው ጀልባ ላይ ያድሩ ነበር። እኔ ስረከብ የሥራ ድልድል ጽፌ ዓሣ በምናደርቅበት በጭስ ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩ፤ ማን መቼ መረብ እንደሚጥል፣ ማን እንደሚሰነጥቅ፣ እንጨቱን ማን እንደሚያመጣ። ኦስካር በየጠዋቱ ድስት በማንኪያ እየደበደበ «ተሰለፉ! ደወል ተደወለ!» ይል ነበር። ሰዉም ይስቃል። በመጀመሪያው ዓመት አሥራ አንድ ሰው መጣ፤ ቀጥሎ ሰባት፤ ቀጥሎ አራት። ዘንድሮ እኔ፣ ቬርና፣ ኦስካርና ኬልቪን ብቻ ነበርን፤ ኬልቪንም የመጣው አባቱን ለመርዳት እንጂ ቤቱ ሆኖ አይደለም። የጭስ ቤቱ ጣሪያ በባሕሩ በኩል ወርዷል። ወጣቶቹ ሰነፉ እያልኩ ለሰማኝ ሁሉ አወራ ነበር። የቤታቸውን ወራሽ በአደባባይ ያዋረደ አለቃ የሚሰጠውን ድልድል ማን ይከተላል? የአለቃ ሥራ ምን እንደሆነ በቃሌ አውቃለሁ፤ ዓሣው ሲያንስ ከሁሉ በፊት የራሱን መረብ ማውጣት፣ ያጣውን ሳይጠየቅ ማብላት፣ ስድብ ሲደርስበት ዝም ማለት፣ ጥፋቱን ሳይውል ሳያድር ማጠብ። መረቤን በጊዜው አውጥቻለሁ፤ ለባልቴቶቹ ዓሣ ሳላደርስ የቀረሁበት ዓመት የለም። የመጨረሻውን ግን አላደረግሁም።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ያኔ የላክሁልሽ ደብዳቤ ነው። ሃያ ሦስተኛውን ገጽ ገልብጬ፣ በቀይ ቀለም አስምሬበት፣ «ሎርን ይህን በሚገባ ያጥና» ብዬ። ምን እንዳደረግሽው አላውቅም። አቃጥለሽው ከሆነ ደግ አደረግሽ። ሎርን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ፊት ቆሞ ተናግሮ እንደማያውቅ፣ በራሱ ሠርግ ላይ እንኳ ሞሪስ እንደ ተናገረለት፣ ቲና ከስድስት ዓመት በፊት በስልክ ነግራኛለች። ያኔ ልጅቷን «ዓይን አፋርነት በልምምድ ይለቃል» አልኳት። ሎርን ዓይን አፋር አልነበረም። ሦስት መቶ ሰው ፊት ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ ሲናገር ሰምቼዋለሁ፤ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ።

አሁን ያሰብኩትን ስሚኝ። ኖቬምበር 14 ቀን፣ ቅዳሜ፣ በአዳራሹ ድግስ አደርጋለሁ። ያኔ የነበሩትን ምስክሮች በሕይወት ያሉትን ሁሉ፣ የሞቱትንም ወራሾቻቸውን እጠራለሁ። ቬርና ሳልመን ዓሣውን በጠርሙስ አሽጋ ጨርሳለች፤ የዓሣ ዘይቱን ከናስ ወንዝ ሰዎች በባሕር አረም ለውጠናል፤ ብርድ ልብሱና ፎጣው ኬልቪን ቤት ተከምሯል። በሰው ፊት ቆሜ የተሳሳትኩት እኔ መሆኔን፣ እናቴን መዝለፌን፣ ወራሼን ማዋረዴን በአፌ እናገራለሁ። ከዚያ ካባውንም የራስ ጌጡንም አውልቄ ወንበሩ ላይ አኖራለሁ። ለእኔ መልሰሽ ልታለብሺኝ ትችያለሽ፤ ለሎርን ልታለብሺው ትችያለሽ፤ ሁለታችሁም አይገባችሁም ማለትም መብትሽ ነው። በቤታችን ደንብ ይህ የእህት ሥልጣን ነው፤ ሎርን ሊናገር የነበረውም ይህንኑ ነው። አልከራከርሽም። የምመኘው ግን ሎርን ካስቆምኩበት ቦታ ተነስቶ እስከ መጨረሻው ሲናገር መስማት ነው። እሱ አልናገርም ካለም አላስገድደውም፤ አጠገብሽ ይቀመጥ፤ ዝም ብሎ መቀመጡም ይበቃኛል።

ለእሱ በቀጥታ ያልጻፍኩለት ከፍርሃት አይደለም፤ ወይም ከፍርሃት ብቻ አይደለም። እናቱን ሳላስፈቅድ መጥራት ሁለተኛ ጥፋት ስለሚሆንብኝ ነው። ደብዳቤውን ልታነቢለት ብትፈልጊ አንብቢለት። አልፈልግም ብትዪ ደግሞ ለምን ብዬ አልጠይቅም።

እምቢ ካላችሁ ምን እንደሚሆንም ልደብቅሽ አይገባኝም። ከእኔ በኋላ ስሙን የሚጠብቀው ከወንዙ በላይ ያለው ሌላው የንስሮች ቤት ነው፤ አለቃቸው አነጋግሮኛል፣ ጨዋ ሰው ነው። ወንዙም አብሮ ይሄዳል። የቲና ልጆች እዚህ ሲመጡ በሰው ቤት እንግዳ ሆነው ይቀመጣሉ እንጂ የእኔ የሚሉት ወንበር አይኖራቸውም። ይህን የምጽፈው ላስፈራራሽ አይደለም። ሳታውቂው ብትወስኚ ግን አሁንም አንድ ነገር ደብቄ ያስቀረሁብሽ ይሆናል።

ለሞሪስ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ያኔ ወደብ ላይ ሻንጣችሁን እየጫነ ሳለ እጄን ሊጨብጠኝ ሲዘረጋ ዞሬ መሄዴን አልረሳሁም፤ ይቅር ይበለኝ። ለሎርን የምልከውን ሰላምታ ምን ቃል እንደምሰጠው አላውቅም፤ አጎትህ ስምህን ይጠራል በዪው። ለሚስቱና ለሁለቱ ሴት ልጆቹ ጤና ይስጥልኝ፤ የላኩልኝ ፎቶግራፍ መስኮቱ አጠገብ ነው። ቲናን ስለ ስልኩ መልሴ እንደማፍር ንገሪያት። ልጇን፣ ትንሿንም እህቱን፣ በእኔ ቦታ ሆነሽ ሳሚያቸው። ከዚህ በኩል ቬርና፣ ኬልቪን፣ ኦስካርና አክስት ማርጆሪ እጅግ አድርገው ሰላም ይሉሻል፤ ኦስካር «ከመጣሽ ድስቱን ለአንቺ አስረክባለሁ» ብሏል።

እንደምታውቂው የድግስ ጥሪ በቃል እንጂ በፖስታ አይሄድም። እኔና ኦስካር በጀልባ በየመንደሩ ዞረን፣ በየበሩ ቆመን መናገር አለብን፤ ለዚያም አንድ ወር ይፈጅብናል። ስለዚህ ቃልሽ እስከ ኦክቶበር 10 እንዲደርሰኝ እለምንሻለሁ። እንመጣለን ካልሽ በየበሩ ስማችሁን እንጠራለን። አንመጣም ካልሽም ድግሱ አይቀርም፤ እናንተ በሌላችሁበት አጥበዋለሁ። ምንም ሳትመልሺልኝ እንዳትቀሪ ብቻ። ስለዚያ ቀን የጠበቅሽውን ዝምታ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደ ጥፋተኛ ዝምታ አነበብኩት፤ ከእንግዲህ በራሴ ንባብ አላምንም። እባክሽ እትዬ፣ አዎም ይሁን አይደለም፣ ቶሎ ጻፊልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ዊልፍሬድ

ስኪና ወንዝ አፍ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ
ሴፕቴምበር 20 ቀን 2009 እ.ኤ.አ.